ዘውድ የደፋው ገበሬ

ሰውየውን ያወቅሁት በአውራ ጣቱ ነው። ፊቱ ተሸብሽቧል፣ ጸጉሩ ተመልጧል፣ የላይ ጥርሶቹ የሉም። ጣቱ ግን ያው ነው፤ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ጫፉ እንደ ማንኪያ ወደ ላይ የተቀለበሰ። ባለፈው ሰኞ ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዎቹ ፈረንጅ ወደ ገዳማቱ ከሚጭኑበት ቦታ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ ከእንጨት መስቀልና ከደንገል ታንኳ አሻንጉሊት ጋር የድሮ ቴምብር ሲሸጥ አገኘሁት። በዚያ ጣቱ የአንዱን ቴምብር ፊት ሲያሻሽ አየሁ። ይኸው ጣት በዚሁ ከተማ የወዳጄን የሸምሱን አልበም እንዲህ ሲያሻሽ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ሰውየው ጓድ መኩሪያ ነበር፣ የቀበሌያችን ካድሬ። አሁን ጀልባ ነጂዎቹ "አባባ ቴምብር" ይሉታል። ኤዲያ።

ትዝታ ይጣፍጣል የሚሉ ሰዎች አሉ። የእኔ አይጣፍጥም። የእኔ የዓሣ አንጀትና የኮመጠጠ የዱቄት ሙጫ ይሸታል። እኔ ከደልጊ በታንኳ መጥቼ ባሕር ዳር የቀረሁ ዓሣ ሻጭ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርሁትም በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እሱንም ካልመጣህ ስኳር የለህም ስላሉኝ። ከተማዋ ያን ጊዜ ጠባብ ነበረች። ከዘንባባው መንገድ ወረድ ስትሉ ሐይቁ፣ ወጣ ስትሉ ገበያው፣ በቃ። ጎረምሳው እግሩ ሥር የሰፋ ቴትሮን ሱሪ ለብሶ የመንገዱን አቧራ ይጠርጋል፤ ድሃው በረባሶውን ያንጓጓል፤ ካድሬው ካኪውን አስተኩሶ ይንጎራደዳል። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ደህና ቀረሶ ዓሣ ስሙኒ። ርካሽ ነበር ትላላችሁ፤ ስሙኒውስ የት ነበረና። በቀበሌው ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ድምጽ ማጉያ ከማለዳ ጀምሮ የሰልፍ ዘፈን ያንባርቃል፣ ከማዶ ደግሞ ሻይ ቤቱ የክራር ካሴት ይከፍታል፤ ሁለቱ መስቀለኛው መንገድ ላይ ተገናኝተው ይደባደባሉ። እኔ ዓሣዬን ዘርግቼ የምቀመጥ እዚያው መካከላቸው ነበር። እስከ ዛሬ ሠርግ ቤት አንድ ዘፈን ሲዘፈን ሁለት የምሰማ ይመስለኛል። ያኔም ጆሮዬን ያመኝ ነበር፤ ዛሬ ያንን ጩኸት "ያ ደግ ዘመን" እያሉ በስልካቸው የሚያጫውቱ ሽማግሌዎች ሳይ ደግሞ ጥርሴን ያመኛል።

ሸምሱ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ሱቁ ከእኔ መደብ ኋላ ነበር፤ አቡጀዲ፣ ፖፕሊን፣ ካኪ፣ ለመረብ የሚሆን ናይለን ክርም ይሸጣል። በክሩ ተዋወቅን። አባቱ ሀጂ ኑሩ ከይፋግ እስከ መተማ፣ ከመተማም ወዲያ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ደብዳቤ በመጣላቸው ቁጥር ቴምብሩን ጨርቅ በሚቆርጡበት መቀስ ዙሪያውን ቆርጠው፣ ውኃ ውስጥ ነክረው፣ አላቀው፣ በአቡጀዲ ላይ አድርቀው ያስቀምጡ ነበር። ሲሞቱ አልበሙ ለሸምሱ ተረፈ። ሱቁም ተርፎት ነበር፤ ግን ሸምሱ ስለ ሱቁ ሲናገር "ይኸንማ ነገ መንግሥት ቢፈልገው ይወርሰዋል" ይል ነበር። አልበሙን ሲያነሳ ድምጹ ይወርዳል። "ከአባቴ እጅ የቀረኝ ይኸ ነው፣ ፈንቴ።" ፈንታሁን ነው ስሜ፤ ፈንቴ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው።

እኔ መጀመሪያ ነገሩ አስጠላኝ፣ አልዋሽም። ሰው የላሰውን ወረቀት፣ የማያውቁትን ሰው ምራቅ፣ በመነጽር ቁጭ ብሎ ማየት ምን ይሉታል። ነገርሁት። "አንተ አንጀት ስታወጣ ትውልና ምራቅ ትጸየፋለህ" ብሎ ሳቀብኝ። ቴምብሩን በእጄ አያስነካኝም። እጄን በሎሚና በአመድ ታጥቤ እመጣለሁ፤ ያሸተኝና "አሁንም አምባዛ አምባዛ ትላለህ" ይለኛል። ሲለምድ ጊዜ በትንሿ ጣቴ ጥፍር ብቻ ፈቀደልኝ። ዓይንህን ጨፍን አለኝ። ጥፍሬን የንጉሡ ራስ ባለበት አንድ አሮጌ ቴምብር ላይ አሳረፈና ቀስ አድርጎ ጎተታት። ያዘኝ። ቀረሶን ከጭራው ወደ ራሱ ስትዳብሱት ቅርፊቱ ጣታችሁን ይይዝ የለ፣ እንደዚያ። ወረቀት እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

ይኸን የሠራው ሰው፣ አለኝ ሸምሱ፣ ንጉሡን በብረት ላይ በስለት እየቦረቦረ ነው የሣለው። ቀለሙ ቦዩ ውስጥ ይገባል፤ ረጠብ ያለውን ወረቀት በኃይል ሲጫኑበት ቀለሙ ከቦዩ ይወጣና ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይደርቃል፣ እንደ ጠባሳ። ቀጥሎ አዲሶቹን፣ የአብዮቱን ሰጠኝ። ትልልቅ ናቸው፣ ቀለማቸው ዓይን ይወጋል፤ ሞፈር የያዘ ገበሬ፣ መዶሻ የያዘ ሠራተኛ። ጥፍሬ ተንሸራተተ፤ እንቁላል ነው። በአጉሊ መነጽሩ ሳየው ገበሬው ገበሬ አይደለም፤ ቀይ ነጥብ፣ ቢጫ ነጥብ፣ ሰማያዊ ነጥብ፣ የጅግራ ላባ ነው የሚመስለው። መነጽሩን ስታነሱት እንደገና ተሰብስቦ ሰው ይሆናል። ሌላም ዓይነት አለ፤ ቴምብሩ አንዴ ከታተመ በኋላ ሌላ ጽሑፍ በላዩ የተመታበት። እሱን ስትገለብጡት ጀርባው ላይ ፊደሉ አብጦ ይወጣል፣ ፊቱ ላይም ጥቁሩ ቀለም በፊደሉ ዳር ዳር ተጨምቆ ይከማቻል። ሸምሱ ይኸን ሲያሳየኝ ፊቱ ይበራል። ማንም ሠሪ ምልክቱን ሳይተው አይሄድም ይላል፤ ጣት ያለው ያገኘዋል ይላል። እኔም ሳላስበው ወደድሁት። ዓሣዬ ቶሎ ባለቀ ቀን ሱቁ ገብቼ ጥፍሬን እዘረጋ ጀመር።

አንድ ክረምት ትዕዛዝ መጣ። የአሮጌው ሥርዓት ምስል ያለው ሁሉ ለቀበሌ ያስረክብ፣ በአብዮቱ በዓል ቀን ገበያው ሜዳ ላይ ይቃጠላል ተባለ። ሰው ከግድግዳው ፎቶ አወረደ፣ የቀን መቁጠሪያ አወረደ። አንዲት ባልቴት የንጉሡ መልክ ያለበትን ሰሃን ይዘው መጡ፤ ሰሃን አይቃጠልም ብለው ሰበሩባቸው። ሴትዮዋ ስብርባሪውን በነጠላቸው ጫፍ ለቅመው ሲሄዱ ልጆቹ አጨበጨቡ። ደብቆ የተገኘበት ሰው ደግሞ ፎቶው ብቻ አልነበረም የሚሄደው፤ አብሮ የሚሄድ ነበረ፣ ሄዶም የማይመለስ።

አቃጥለው ወይም ሐይቅ ውስጥ ጣለው አልሁት ሸምሱን፤ እኔ በታንኳ እወስድልሃለሁ። እምቢ አለ። ሚስቱ ዘይነባም ለመነችው፣ እምቢ። ከዚያ አንድ ብልሃት አገኘ። የንጉሡ ቴምብሮች ትንንሽ ናቸው፣ የአብዮቱ ትልልቅ። እያንዳንዱን ንጉሥ በገበሬ ይሸፍነዋል። ሙጫው ከስንዴ ዱቄት ነው፤ ነገ ዘመን ሲለወጥ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይለቃል፣ የተቀረጸው ቀለም ደግሞ ውኃ አይፈራም። ዘይነባ ሙጫውን አፈላች፣ እሱ በወረንጦ እየያዘ ለጠፈ፣ እኔ በር ላይ ሆኜ የዓሣ ቅርጫቴን ይዤ ጠበቅሁ። ሲያበቃ አልበሙን ገላልጦ አሳየን። ከዳር እስከ ዳር አብዮት ነው። ዘይነባ እንኳ ሳቀች፤ "እንዲህ ያለ ታማኝ ነጋዴ የት ይገኛል" አለችው።

እንግዲህ የጨርቅ ነጋዴ ልማድ አለው። እርጥብ ያየውን ነገር ሳይሸበሸብ እንዲደርቅ ከጨርቅ ጣቃ ሥር ይከተዋል፤ አባቱም እንደዚያ ነበር የሚያደርቁት። ሸምሱም ሳያስብ አልበሙን ከአቡጀዲ ጣቃዎች ሥር ከተተው፤ በላዩ ካኪ፣ በካኪው ላይ ሌላ ካኪ። እኔም እዚያው ቆሜ አይቼዋለሁ፣ አንዳችን እንኳ ምንም አልታየንም። ያ ሁሉ ክብደት እርጥቡን ገበሬ በቆመው ቀለም ላይ ሲጫነው ሰነበተ።

ጓድ መኩሪያ መጣ። ከአዲስ አበባ የተላከ ሰው ነው፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ ጸጉሩ የተከመከመ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት ብዕር። አልበም እንዳለህ ሰምቻለሁ አለ። ሸምሱ አወጣለት። ገጹን ገለጠ፣ "በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ" እያለ። ቴምብሮቹን ስም በስም ያውቃቸዋል፤ የትኛው መቼ እንደወጣ ይናገራል። እንዲህ የሚያውቅ ሰው በማግኘቱ ሸምሱ ትንሽ ደስ ያለው ሁሉ መሰለኝ። ድንገት ያ አውራ ጣት ገበሬው ራስ ላይ ቆመ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ። አልበሙን ወደ በሩ ብርሃን አጋደለው። ያን ጊዜ እኔም አየሁት። ከገበሬው ግንባር በላይ፣ በወረቀቱ ውስጥ፣ ትንሽ ዘውድ አብጣ ወጥታለች።

"ጓድ ሸምሱ" አለ ድምጹን ሳያነሳ፣ "ይኸን ገበሬ ዘውድ የደፋለት ማነው?"

ሰውየው ፈገግ ብሎ አልበሙን ብብቱ ውስጥ አስገባ። አይጨነቁ፣ በእኔና በእናንተ መካከል ይቀራል፣ ግን መቃጠሉ ግድ ነው አለና ወጣ። ሸምሱ መደርደሪያውን ይዞ ቀረ። ሊወስዱት ይመጣሉ ብለን ጠበቅን፤ አልመጡም።

በበዓሉ ቀን ሜዳው ሞላ። ጓድ መኩሪያ ረጅም ንግግር አደረገ፣ አጨብጭቡ ሲባል አጨበጨብን። ከፎቶው ክምር ላይ አልበሙን ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ዘግቶ ነው ያሳየው። "የአድኃሪያን ቅሪት" ብሎ እሳቱ ውስጥ ወረወረው። ሸምሱ አጠገቤ ቆሞ እንደ ሰው ሁሉ ያጨበጭብ ነበር። እጆቹ ሲገናኙ ድምጽ አልነበራቸውም።

በማግሥቱ ጠዋት በሜዳው በኩል ነበር መንገዳችን። ጠራጊዎቹ ገና አልደረሱም። ነፋስ አልነበረም፤ ሐይቁ ዘይት እንደፈሰሰበት ተኝቷል። ታጥፎ የተቃጠለ ወረቀት ካልነኩት ቅርጹን ይዞ ይቆያል፤ አልበሙም ገጽ በገጽ ጥቁር ሆኖ ተቀምጧል። ሸምሱ በርከክ አለ። አንዱን ገጽ ከሥሩ በካርቶን አንስቶ ወደ ፀሐይ አጋደለው። አመድ ላይ ቀለም ይታያል፣ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ በጥቁሩ ላይ እንደ እርሳስ ያብለጨልጫል። ሞፈሩ ይታያል፣ በሬው ይታያል፣ መዶሻው ይታያል። ሸምሱ ዓይኑን አስጠግቶ ብዙ ቆየ።

"ዘውዱ የለም" አለኝ። "ሥሩ ምንም የለም፣ ፈንቴ። ገበሬው ባዶ ራሱን ነው የተቃጠለው።"

ነገሩ የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው። ሰውየው ገበሬዎቹን በውኃ አላቅቆ፣ ንጉሦቹን ለራሱ አውጥቶ፣ ገበሬዎቹን መልሶ ለጥፎ ነው ያመጣ። በአደባባይ፣ በአብዮቱ በዓል፣ ሰውን እያስጨበጨበ የአብዮቱን ገበሬ አቃጠለ። የባልቴቷን ሰሃን ያሰበረ ሰው ንጉሦቹን ሻንጣው ውስጥ ከቶ ተኝቷል። ሳቄ መጣ፤ ከሳቄ ጋር ሆዴ ውስጥ ያለው ሁሉ መጣ። እዚያው ሜዳው ዳር አስታወክሁ።

ገጹን በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከሥሩ ጥጥ አንጥፈን አስቀመጥነው። እኔ ወደ ላይኛው ቢሮ እንውሰደው አልሁ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር የተገኘበት ካድሬ ውሎ አያድርም፤ እኔም እንዳያድር ነበር የፈለግሁ። ዛሬም ያን ቀን ብሆን እንደዚያው ነው የምል። ሸምሱ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጦ ሰማኝ።

"አባቴ ቴምብር ነው የተወልኝ" አለ። "ሬሳ አልተወልኝም። ሄጄ እጠይቀዋለሁ፤ ያፍራል።"

"እሱ?"

"ቴምብር የሚወድ ሰው ነው፣ ፈንቴ። አይተኸዋል እኮ።"

ቆርቆሮውን እንደ እንቁላል አቅፎ በከተማው መካከል ሄደ፣ እኔ ሰው እንዳይገፋው ከጎኑ እየጋረድሁት። የጓድ መኩሪያ ቢሮ ገባን። ሸምሱ ክዳኑን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ጓድ፣ ክስ የለኝም፣ ለማንም አልናገርም" አለው። "የአባቴን ይመልሱልኝ።" ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ። ጆሮው ሥር ያለው የደም ሥር ሲመታ አየሁት፤ ፈርቷል። ሊመልስ ነው ብዬ አሰብሁ። ከዚያ ከንፈሩን አሞጠሞጠና "እፍ" አለበት።

አመዱ ተነስቶ በሸምሱ ነጭ ሸሚዝ ላይ፣ በእኔ ፊት፣ በእኔ ምላስ ላይ ዐረፈ።

"ምንም አይታየኝም" አለ ጓድ መኩሪያ፣ ብዕሩን እያነሳ። "ሸሚዝህ ግን ቆሽሿል፣ ጓድ ሸምሱ። ነጋዴ ንጹሕ መሆን አለበት።"

ያ አመድ እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ። የባሰው ደግሞ የኋላው ነው። ሰውየው ከሱቁ አልቀረም። ለበዓል ቴትሮኑን የሚገዛ ከሸምሱ ነው፤ "ንግድ እንዴት ነው" ይላል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ሸምሱ ይጨብጠዋል። ሸምሱ ሜትሩን ሳያጎድል ይለካለታል። እኔ ወጥቼ እተፋለሁ። ስመለስ ሸምሱን ጨርቁን እያጠፈ አገኘዋለሁ፤ ስለ ቴምብር ግን አንድ ቃል አላወራንም። አጉሊ መነጽሩን ዘይነባ ሩዝ ልትለቅምበት ወሰደችው። ያ መንግሥት ሲወድቅ ሰውየውም ጠፋ፤ ሞቷልም ተሰዷልም ይባል ነበር። ጎረምሶቹ የሰፋውን ሱሪ ጣሉት፣ ስሙኒውም ከእጃችን ጠፋ፣ ሐይቁን እምቦጭና የውኃ ፕላስቲክ ወረሰው። ዓሣው አነሰ፤ ያለውም ጭቃ ጭቃ ይላል።

ባለፈው ሰኞ እንግዲህ ጠረጴዛው ፊት ቆምሁ። አላወቀኝም። በላስቲክ የተሸፈኑ ንጉሦች ደርድሯል፤ ለአንዲት ፈረንጅ ጥንታዊ ናቸው እያለ ያስረዳል። ስትሄድ ጥፍሬን በአንዱ ላይ ጎተትሁ፤ እንቁላል። በሁለተኛው፤ እንቁላል። ንጉሡም እንደ ገበሬው ነጥብ ነጥብ ሆኗል። ከኮምፒዩተር የወጣ ነው።

"አይንኩ አባባ፣ እጅዎ ዓሣ ዓሣ ይላል" አለኝ።

እውነተኛው የለህም ወይ አልሁት። አንገቴን ቀና አድርጌ ስለጠየቅሁት ነው መሰለኝ፣ ዙሪያውን አየና ከደረት ኪሱ በሴሎፎን የተጠቀለለ አንድ አወጣ። ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የማሳየው አለ። ጥፍሬን አሳረፍሁ። ያዘኝ። ንጉሡ ግንባር ላይ ደግሞ ነጣ ያለች እድፍ አለች፤ የዘይነባ ዱቄት ናት፣ በደንብ ያልታጠበች።

"ጓድ መኩሪያ" አልሁት።

እጁ አየር ላይ ቀረ። "ማነህ?"

"የዓሣው ሰው። ከሸምሱ ጋር አመድ ይዤ የመጣሁት።"

ሌሎቹስ የት ናቸው አልሁት። ሸጥኳቸው አለ፣ ሳይሸሽግ፤ ልጆቼን አሳደግኩባቸው። "ይኼን ግን አልቻልኩም። በየማታው አወጣዋለሁ። እንደ እኔ የወደደው የለም፣ ወንድሜ።" ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወንድሜ አለኝ እኮ። ቴምብሩን በኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትሁት። ፖሊስ እጠራለሁ አለ። ጥራ፣ እኔም ስለ ተቃጠለው ገበሬ እነግራለሁ አልሁት።

ሳቀ። በዚያ ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ። "የቱ ገበሬ? ያንን ዛሬ ማን ይሰማሃል?"

እውነቱን ነው፣ ማንም አይሰማም። ፖሊስም አልጠራም። ትቼው ሄድሁ።

ሸምሱ ቤቱ ነው የሚውል፤ ስኳር ዓይኑን ከወሰደበት ወዲህ ከአልጋው እስከ ደጃፉ ነው። ቃል ሳልተነፍስ ቴምብሩን መዳፉ ላይ አስቀመጥሁለት። የትንሿን ጣቱን ጥፍር አውጥቶ ጎተተ፤ ዘውዱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዘይነባ ከጓዳ ወጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች።

"የአባቴ ነው" አለ።

"አዎ።"

ጥፍሩን ወደ ጉንጩ፣ ወደ ጢሙ ወሰደው፣ መለሰው። ፊቱ ሲጨማደድ አየሁ። "ልሙጥ ሆኗል፣ ፈንቴ። ጉንጩ ጠፍቷል። ምን ያህል ቢያሸው ነው?" ከዚያ ዘይነባን ውኃ ጠየቃት። ማስታጠቢያውን አቀረበች፤ በሳሙና፣ ጣት በጣት፣ ጥፍሩ ሥር ሳይቀር ታጠበ። ውኃውን ስትደፋው እኔም እጄን ዘረጋሁ፣ ቀዳችልኝ።

ሸምሱ እጁን በነጠላው አደረቀ። ከዚያ ቴምብሩን አልጋው ላይ በዳበሳ ፈልጎ አገኘውና እንደገና ጥፍሩን አሳረፈበት።